ይድረስ ለክቡር ዋስትና

ጉዳዩ፦ የሚያምኑት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ውሃ ከማይወጣበት አራተኛ ፎቅ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሥራ ስቀጠር ዋስ ፍለጋ ያንከራተቱኝን ትቼልዎታለሁ።

የትናንቱን ግን አልተውም። የእህቴ ልጅ የታክሲ ረዳት ነው። በጭቅጭቅ መሃል የአንድ የቤት መኪና ስፖኪዮ ተሰበረ፣ ልጁ ጣቢያ ገባ። “ደመወዝተኛ ዋስ ይምጣ” ተባለ። ከቤተሰቡ ደመወዝተኛ እኔ ነኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አጽፌ ሄድኩ። “ለሚመለከተው ሁሉ” ይላል። “ለኛ ተብሎ ካልተጻፈ አንቀበልም” አሉኝ። ተመለስኩ ፒያሳ። ማህተም የያዙት ሴትዮ ስብሰባ ላይ ናቸው። መቼም ያውቁታል ያን ስብሰባ። ደብዳቤውን ይዤ፣ አውቶብስ ላይ ቆሜ፣ ሲመሻሽ ደረስኩ። ፖሊሱ ደመወዜን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ጫማዬን አየና “ጋሼ፣ ለእርስዎስ ማን ዋስ ይሁን?” አለኝ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ከኋላዬ የመጣው ሰውዬ የግቢውን ዘበኛ ጥርስ አውልቆ የታሰረ ወንድም ነበረው። ሊብሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንድምየው ወጣ። ሲወጣ ፖሊሱን ጨብጦ ነው።

ውጭ አገር ያለዎት ዝና ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የደቡብ አፍሪካው ሯጭ ኦስካር ፒስቶሪየስ በፈረንጅ 2013 ፍቅረኛውን ሪቫ ስቲንካምፕን በተዘጋ የሽንት ቤት በር 4 ጊዜ ተኩሶ ገደላት። በ8ኛው ቀን በ1 ሚሊዮን ራንድ ለቀቁት። የሙዚቃ ፕሮዲዩሰሩ ፊል ስፔክተርም አለ። ተዋናይቷ ላና ክላርክሰን ቤቱ ውስጥ በጥይት የሞተችው በ2003 ነው። እሱ በ1 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ወጥቶ፣ በ2009 ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እዚያው ቤቱ ኖረ።

ስማ። ልጁ ይጠፋል ብለህ ነው? ወዴት? የታክሲ ሳንቲም እንኳ የሚቆጥረው ለሰው ነው። የሚጠፋው ፓስፖርት ያለው ነው። ቪዛ ያለው፣ ዱባይ ቤት ያለው ነው። አንተ ደግሞ የምታምነው እሱን! ሰው የገደለው አልጋው ላይ እያደረ፣ በመስታወት የተከሰሰው ሲሚንቶ ላይ ያድራል።

ለነገሩ የኛው የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ጨክኖብዎታል። ሰው የሞተበትና 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ክስ ከሆነ ዋስ የለም ይላል። ደግ ነው። ገንዘብ ያለው ግን ጠበቃው መጀመሪያ የሚታገለው አንቀጹን ለማውረድ ነው። “ሆን ብሎ” የነበረው “በቸልተኝነት” ከሆነ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ድሃውም ይህንኑ መከራከር ይችላል፣ ተከላካይ ጠበቃው ፋይሉን ለማንበብ ጊዜ ካገኘ።

“ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው” የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 አላነሳብዎትም፣ እንዳንተዛዘብ።

ልጁ እስካሁን አልወጣም። መኪና ያለው ዘመድ የለንም። ጎረቤቴ ግን ባጃጅ አለው፣ ዕዳውንም ከፍሎ ጨርሷል። የባጃጅ ሊብሬ ይቀበሉ እንደሆነ በአስቸኳይ ያሳውቁኝ።