ይድረስ ለክቡር የድምፅ መስጫ ቅጽ

ባሉበት ሰርቨር

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ድምፄን ሳልሰጥ እንደሰጠሁ ከነገሩኝ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት በኢንተርኔት የምንሠራ በጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰባችን የአስተባባሪዎች ምርጫ በተከፈተ ቀን የተወዳዳሪዎቹን ጽሑፍ አንብቤ፣ ለጥያቄዎች የሰጡትን መልስ አመዛዝኜ፣ ልቤን አሳርፌ ደጅዎ መጣሁ። እርስዎም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁኝ በአረንጓዴ ፊደል «ድምፅዎን ሰጥተዋል። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» አሉኝ። ገጹን ዘግቼ ከፈትኩት፤ አመሰገኑኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ አሁንም አመሰገኑኝ። ለዓመታት በሠራሁት ሥራ ይህን ያህል ተመስግኜ አላውቅም።

ለአስመራጭ ኮሚቴው አቤት አልኩ። ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ «ምርጫው ምስጢራዊ በመሆኑ ማን ለማን እንደመረጠ ማየት አንችልም። ከእርስዎ አድራሻ ድምፅ መሰጠቱ ግን ተረጋግጧል። የሰጡት እርስዎ አለመሆንዎን የሚያስረዳ ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ።» ሰው አለመምረጡን በምን ያስረዳል? ምስክር ልጥራ? ባዶ እጄን ፎቶ አንስቼ ልላክ? ግራ ቢገባኝ አቤቱታዬን ደግሜ ጻፍኩ፤ ገጹንም እስቲ ተስተካክሎ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ ከፈትኩ። በማግሥቱ የአባልነት ስሜን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ አገኘሁት፤ «በተደጋጋሚ ድምፅ ለመስጠት የሞከሩ» ከሚል ርዕስ በታች፣ በቀይ። አብረውኝ ብዙ ሌሊት ያነጉ ባልደረቦች አዩት። አንደኛው «ምን ነካህ?» ብሎ ጻፈልኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን አዝኖልኛል።

ምሥጢሩ የተገለጠልኝ ቆይቶ ነው። ለካ ክቡርነትዎ ሰውን የሚያውቁት በአይፒ አድራሻው፣ ማለትም የኢንተርኔት መስመሩ በሚታወቅበት ቁጥር ኖሯል። አንድ አድራሻ፣ አንድ ድምፅ። ነባሩ የአድራሻ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥር ብቻ ነው፤ ዓለም አቀፉ የማከፋፈያ ቋትም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ተሟጧል። ስለዚህ የስልክ ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ አሰልፈው ያስተናግዳሉ። ያን ዕለት በእኔ አድራሻ አንድ የማላውቀው አባል ቀድሞኝ መርጧል፤ እጁን ይባርከው። ከእሱ በኋላ የመጣን ሁሉ አጭበርባሪዎች ሆንን። በቤቱ፣ በቢሮውና በኪሱ ሦስት የተለያዩ መስመሮች ያሉት ሰው ግን ሦስት ጊዜ መርጦ ሦስት ጊዜ ተመስግኖ መሄድ ይችላል። ሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ባለቤቱን ከበር መልሶ ለሌባው ሦስት በር ሲከፍት እንዲህ ነው።

ኧረ ስማ! የራሱ መስመር ያለው ይመርጣል፤ በስልክ ዳታ የሚሠራው፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቆ የሚተረጉመው፣ ስብሰባ ለመግባት ከገዛ ኪሱ የሚከፍለው ግን አይመርጥም። ይህ ሰው ለሥራ ሲፈለግ አድራሻውን ማን ጠየቀው? ያንተን «ኑና ምረጡ» የሚል ግብዣ እንኳ በነጻ የተረጎመልህ እሱ ነው። ለመሥራት አባል፣ ለመምረጥ ተጠርጣሪ! ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ «ከሁሉም አህጉራት የመጡ መራጮች የተሳተፉበት» ትላለህ። ከየአህጉሩ ስንቱን መለስክ? እሱን ቆጥረህ አውጣው። በአንድ አገር ያሉ አባላት በጅምላ ተመልሰው ከሆነ ያ ምርጫ ትክክለኛ አይደለም፤ የአሸናፊው ስም ምንም ይሁን ምን።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ወደ «እርስዎ» ልመለስ።

የቆዩ ቂሞቼን ባጭሩ ላንሳ። «ምርጫው እሑድ እኩለ ሌሊት ይዘጋል» ይላሉ። የማን እኩለ ሌሊት? የምድር ሰዓቶች ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት በ12 ሰዓት ከሚዘገየው እስከ በ14 ሰዓት የሚቀድመው ስለሚለያዩ፣ አንድ እሑድ ተጀምሮ ከምድር ላይ እስኪያልቅ 50 ሰዓት ይፈጃል። የሰዓት ክልሉን መጥቀስ ግን ከክብርዎ በታች ነው።

«ድምፅዎ ምስጢር ነው» ከሚለው ሥር የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ሙሉ ስምና ኢሜይል» ነው።

«አንድ ብቻ ይምረጡ» የሚለው ትእዛዝዎም አለ። ከ100 መራጮች 60ዎቹ አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዘው ለሁለት ተመሳሳይ ተወዳዳሪዎች 31 እና 29 ሆነው ቢከፈሉ፣ ብዙኃኑ የማይፈልጉት ባለ 40 አሸነፈ ብለው ያውጃሉ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ስለ ብዙኃን ድምፅ ሲጽፍ፣ ተወዳዳሪዎችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማነጻጸር እንደሚበጅ አሳይቷል። መልእክቱ እስካሁን አልደረስዎትም፤ ምናልባት የመጣበት አድራሻ ቀደም ሲል ተመዝግቦ ይሆናል።

ደግሞ አይቻልም እንዳይሉኝ። ዴቢያን የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች በዓለም ዙሪያ ተበትነው በየዓመቱ መሪ ይመርጣሉ። መራጩ የሚታወቀው በራሱ ዲጂታል ቁልፍ፣ ማለትም ፊርማው የእሱ መሆኑን በሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ፋይል ፈርሞ በሚልከው ኢሜይል ነው፤ በየትኛው መስመር እንደመጣ ጉዳይ የለውም። ተወዳዳሪዎቹን በቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ማንንም ካልፈለገ «ከእነዚህ አንዱም» የሚለውን ከሁሉም በላይ ያስቀምጣል። ሲያበቃም እሱ ብቻ በሚያውቀው ኮድ ድምፁ በትክክል መቆጠሩን ከታተመው ሰንጠረዥ ላይ ይፈትሻል። ቁልፍ ማዘጋጀት ለሁሉም ቀላል አይደለም፤ እሱን አልክድም። ለእያንዳንዱ አባል የራሱን አንድ ጊዜ የሚሠራ መግቢያ በኢሜይል መላክ ግን ምኑ ይከብዳል?

እነሆ፣ ስሜ ከሰሌዳው እስካሁን አልወረደም፤ ጉዳዩ «በመታየት ላይ» ነው። በዚህ መካከል አንድ አባል እርስዎን በሌላ ሥርዓት ለመተካት የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። ድጋፍ በድጋፍ ሆኗል፤ ኮሚቴውም ሳያንገራግር ተቀብሎ ለድምፅ አቅርቦታል። ድምፁ የሚሰጠው በእርስዎ በኩል ነው። እሑድ እኩለ ሌሊት ይዘጋል።