ቡናው ገነፈለ!

በአገራችን ሳይመሰገን የቀረ አንድ ታላቅ ሙያ አለ። ሽልማት አልተዘጋጀለትም፣ ሐውልት አልቆመለትም፤ ባለሙያዎቹ ግን በየቤቱ ሞልተዋል። ሙያው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ሃይማኖቱ ያነሣውን ጥያቄ ከአፉ ሳይወጣ መልሶ ማስዋጥ ነው። ይህ ጥበብ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁና ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ባለሙያዋ ታላቅ እህቴ ናት። ባለፈው ዓመት የመስቀል ማግስት ቤቷ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ ተጥዶ፣ አቦል እስኪቀዳ እየጠበቅን ነበር። ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጇ ፈንዲሻውን አንድ አንድ እያነሣች ቆየችና እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ፍልሰታን ሙሉ ለጓደኛዬ እናት ጸልያለሁ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ጳጉሜን 3 ቀን፣ ሁላችንም በሩፋኤል ዝናብ ስንጠመቅ፣ እርሷ አረፈች። እግዚአብሔር ሰምቶ ነው እንቢ ያለኝ ወይስ አልሰማኝም?»

ሌላ እናት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። ምናልባትም ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ «እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር» የሚል፣ ለወላጅ ክብር የማይመጥን ቃል ያመልጣት ነበር። እህቴ ግን ዓይኗን ወደ ጀበናው ላከችና «ቡናው ገነፈለ!» አለች። ቡናው አልገነፈለም። አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እንዳልገነፈለ እያየሁ «አዎ፣ ገነፈለ» አልኩ። ልጅቱ ተነሥታ ጀበናውን አወረደች። አቦል ሲቀዳ ወሬው የሽንኩርት ዋጋ ላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ሥልጣኔ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ እናታችንን አያውቃትም። በእኛ ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ጭን ላይ የሚያርፍ ቁንጥጫ ነበር፤ ምልክቱ እስከ ሰንበት ይቆያል። ከቁንጥጫ ወደ ጀበና በአንድ ትውልድ መሻገር ቀላል ነገር አይደለም።

እርግጥ ሁሉም ቤት እንዲህ አልረቀቀም። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ልጃቸው «ዳይኖሰር በስንተኛው ቀን ተፈጠረ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች ጠርተው እጅ ጫኑበት፤ የጥርጣሬ መንፈስም ተገሠጸ። ልጁ ነገሩን ያነሣው መምህሩ በክፍል ውስጥ ስላስተማረው እንደ ሆነ ለማስረዳት ሞከረ። «ይኸው፣ ይናገራል!» ተባለና ጸሎቱ ሌላ ሰዓት ተጨመረለት። በእኛም በኩል ቢሆን ጠያቂን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሶ ጸበል የሚያደርስ አባት አይጠፋም። ጸበሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ብርዱ የያዘው ልጅ ስለ ሥላሴ አይጠይቅም፣ ፎጣ ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ ደግሞ «ማን ነው ይህን ያስተማረህ?» የሚሉ አሉ። እነዚህ የምርመራ ሰዎች ናቸው። ልጁ ስለ አምላክ ጠይቆ ስለ ጓደኞቹ ቃሉን ይሰጣል፤ ስልኩ ይያዛል፣ የተመለከታቸው ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ይገኛል። ጥያቄው ግን አይገኝም፤ ማን ያስታውሰዋል?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ወደ ኋላ አልቀሩም። ልጁ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። «ይህ ነገር በአማርኛ ካልሆነ አይገባህም» ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀሁ ቆጥሮ፣ ምላሱን አፍታቶ በአማርኛ ሲጠይቅ ደግሞ «ምሥጢሩ ያለው ግዕዙ ላይ ነው» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ግዕዙን ሳይደርስበት ዩኒቨርሲቲ ይገባና ከቤት ይወጣል። ጥያቄው አብሮት ስለሚወጣ ቤቱ ንጹሕ ይሆናል።

ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ የማደንቀው ግን «መናፍቅ» የሚለውን ቃል ነው። አጭር ነው፣ ከሩቅ ይመታል። በግዕዝ «ናፈቀ» ማለት ተጠራጠረ፣ ልቡ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። በአማርኛ ያው «ናፈቀ» የራቀውን ሰው ፊት ማየት መጓጓት ነው። ሁለቱ በአንዲት ልጅ ውስጥ፣ በአንድ ፍልሰታ፣ ለአንዲት እናት ሲጸለይ ሊገናኙ ይችሉ እንደ ሆነ የሚመረምር ሥራ ፈት ይመርምር። እኛ የግዕዙን ይዘናል።

በዚህ ረገድ አባቶቻችን ደካሞች እንደ ነበሩ ሳልወድ እናገራለሁ። የአንድምታ ትርጓሜያቸውን የከፈተ ሰው ያፍርላቸዋል። አንዱን ቃል አንሥተው «አንድም» ብለው ይፈቱታል፤ አይበቃቸውም፣ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ይባስ ብለው ማንም ሳይጠይቃቸው «ምነው ቢሉ» ብለው ጠያቂ ይፈጥራሉ፤ ለፈጠሩት ጠያቂም ይመልሱለታል! ይህን ለመማር ተማሪው ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ ቁራሽ እንጀራ ለምኖ፣ ውሻ ተከላክሎ መጽሐፍ ቤት ይደርሳል። ስንት ዓመት! አንድ ጀበና ይበቃቸው ነበር።

የኢየሩሳሌም መምህራንም ያው ናቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መቅደስ ገብቶ መካከላቸው ተቀምጦ ሲጠይቃቸው፣ «ሂድ፣ ወላጅ አምጣ» የሚል አንድ ቆራጥ ሰው አልተገኘም። አስቀምጠው አደመጡት፤ በመልሱም ተደነቁ። ወላጆቹ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው እየፈለጉ መጡ። መጥምቁ ዮሐንስም ታስሮ ሳለ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ላከ። አስቡት፤ በዮርዳኖስ ያጠመቀው ሰው ነው እንዲህ የሚለው! መልእክተኞቹ «ያያችሁትንና የሰማችሁትን ንገሩት» ተብለው ተሸኙ። ከሄዱ በኋላ ደግሞ ስለ ዮሐንስ ለሕዝቡ ምስጋና ተነገረ። ጠያቂው ዘወር ካለ በኋላ ስለ እርሱ ምን እንደሚወራ በእኛ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

እህቴ ዘንድ ግን ሰላም ሆነ። ከዚያ መስቀል ወዲህ ልጅቱ አንድ ጥያቄ አላነሣችም። ነጠላዋ ንጹሕ ነው፤ ተነሡ ሲባል ትነሣለች፣ ስገዱ ሲባል ትሰግዳለች። ሁዳዴን ትጹም አትጹም አላውቅም፤ የጠየቃት የለም። የጓደኛዋን እናት ስም በቤቱ ውስጥ ሁለተኛ አልሰማሁም። «አየህ፣ ረጋ አለች» ትለኛለች እህቴ፤ እኔም ዐይቻለሁ እላለሁ።

በዳግም ትንሣኤ ምሳ ጠርታን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን ገበታው ቀርቦ ተቀመጥን። ካህኑ የዕለቱን ወንጌል ስለ ቶማስ አስተምረው ስለ ነበር፣ የልጅቱ የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድም ጠቋሚ ጣቱን አውጥቶ አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ቶማስ በትንሣኤ ሳምንት ውስጥ በስሙ የምትጠራ ማክሰኞ እንዳለችው እንኳ ልጁ ገና አልሰማም፤ ቢሰማ ጥያቄው ሁለት ይሆን ነበር።

«እማዬ» አለ፣ ጣቱን እንደ ዘረጋ። «ቶማስ ካልነካሁ አላምንም ሲል ለምን አላባረሩትም? ጌታስ ለምን ጣትህን አምጣ አለው?»

እህቴ አፏ ጉርሻ ይዞ ነበር። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ወጡ አየሁ። እህትየው ግን ቀና ሳትል፣ እንጀራዋን እየቆረሰች፣ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና «ቡናው ገነፈለ» አለችው።

ልጁ ጣቱን አጠፈና ወደ ጓዳው ተንጠራርቶ ተመለከተ። ከሰሉ ገና አልተቀጣጠለም ነበር።