«10 ደቂቃ ይበቃል»፦ ኪውሜይልን አስወግዶ በፖስትፊክስ ስለመተካት ክርክር

የክርክሩ ጉዳይ፦ አንድ የጋራ ሰርቨር 40 ያህል የደሴና የኮምቦልቻ ድርጅቶችን ድረ ገጽና ኢሜይል ይዟል። ሰርቨሩ የሚተዳደርበት ፓነል ፕሌስክ፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ፕሮግራም ኪውሜይል ነው። በዚህ ወር ተወግዶ ፖስትፊክስ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ይተካ ወይስ ይቆይ? «ይተካ» ባይዋ ከኮምቦልቻ፣ «ይቆይ» ባዩ ከደሴ ይጽፋሉ።

ከኮምቦልቻ

ኪውሜይል 1.03 የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲው ዳንኤል በርንስታይን ከዚያ ወዲህ አዲስ እትም አላወጣም። ዛሬ በፓነላችን ላይ የሚሠራው ኢንክሪፕሽንና የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ሌሎች ሰዎች ከላይ የጣፉት ነው፤ ካፖርቱ ጠፍቶ ጥፉ ብቻ ቀርቷል።

አንድ ትራንዚተር 8 ሜጋባይት የሆነ ፓኪንግ ሊስትና ዲክላራሲዮን ስካን አድርጎ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ላሉ 5 ሰዎች ላከ እንበል። ኪውሜይል ለእያንዳንዱ ተቀባይ የየራሱን ግንኙነት ስለሚከፍት ያንኑ ፋይል 5 ጊዜ ይልከዋል። ፖስትፊክስ አንድ ጊዜ ልኮ በዚያው ግንኙነት እስከ 50 ተቀባይ ያደርሳል። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው የሰርተፊኬት ጉዳይም አለ። ደንበኛው አውትሉክ ላይ የራሱን ዶሜይን ሲጽፍ የሰርቨሩ ስም ያለበት ሰርተፊኬት ይመጣና ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል። ፖስትፊክስ ከ3.4፣ ማለትም ከ2019 ጀምሮ፣ ለየዶሜይኑ የየራሱን ሰርተፊኬት ማቅረብ ይችላል።

ሥራውም ቀላል ነው። «ቱልስ ኤንድ ሴቲንግስ» ገብቶ፣ ከ«አፕዴትስ» ሥር ክፍሎች የሚጨመሩበትንና የሚቀነሱበትን ገጽ ከፍቶ ፖስትፊክስን መምረጥ ነው። ኪውሜይልን ፓነሉ ራሱ ያራግፈዋል። ሳጥኖቹ ካሉበት አይነቃነቁም፤ ፕሌስክ በፖስትፊክስ ጊዜም ደብዳቤ የሚያስቀምጠው «ሜይልኔምስ» በሚባለው በዚያው በኪውሜይል ማህደር ውስጥ ነው። የይለፍ ቃሉም በፓነሉ ዳታቤዝ ስላለ አይነካም። 10 ደቂቃ ይበቃል። የኪውሜይል ቦታው ሙዚየም ነው።

ከደሴ

10 ደቂቃ! እህቴ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

10 ደቂቃው ፓነሉ ጥቅሉን የሚያወርድበትና የሚጭንበት ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት ወረፋ ላይ ያለው ደብዳቤስ የት ይግባ? ፖስትፊክስ የኪውሜይልን ወረፋ አያነብም። ኪውሜይል አንዱን ደብዳቤ በአንድ ፋይል አይዝም፤ ጽሑፉ «ሜስ» በሚባለው ማህደር፣ የላኪው አድራሻ «ኢንፎ» ውስጥ፣ የውጭ ተቀባዮቹ «ሪሞት» ውስጥ ናቸው። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ቁጥር ደግሞ የሜሱ ፋይል በዲስኩ ላይ የያዘው የአይኖድ ቁጥር፣ ማለትም ዲስኩ ራሱ ለፋይሉ የሰጠው መለያ ነው። «ገልብጬ አስቀምጬ ነገሩ ከከፋ እመልሰዋለሁ» ማለት እዚህ አይሠራም። ሲገለበጥ አይኖዱ ይለወጣል፣ ስምና ቁጥር ይለያያሉ፣ ወረፋው ይፈርሳል።

ባዶ ወረፋ ጠብቄ እሠራለሁ የሚልም ብዙ ይጠብቃል። ብዙ ተቀባይ ሰርቨሮች የማያውቁትን ላኪ መጀመሪያ «ቆይተህ ሞክር» ብለው ይመልሱታል። ኪውሜይል ወደ ውጭ የሚልከውን ደግሞ ከገባበት ሰዓት አንሥቶ በ400፣ በ1600፣ በ3600፣ በ6400 ሰከንድ እያራቀ ይሞክራል፤ ተስፋ የሚቆርጠው በ7 ቀኑ ነው።

የኪውሜይል ቅንብር ባለበት «ኮንትሮል» ማህደር ውስጥ በእጅ የተጻፉትንም ፋይሎች አትርሺ። ደብዳቤ የሚሻገርበት መንገድ ያለበት «ኤስኤምቲፒ ራውትስ»፣ የታገዱ ላኪዎች ያሉበት «ባድ ሜይል ፍሮም»፣ የመጠን ገደቡ ያለበት «ዳታ ባይትስ»፤ ፖስትፊክስ አንዱንም አይከፍተውም። የሚሠራ ነገር ይዘን ይህን ሁሉ መጀመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ሰርተፊኬቱንና አምስት ጊዜ የሚላከውን ፋይል ሳይነኩ አለፉ። ይሁን።

ወረፋው እንዲህ ይራገፋል። በመጀመሪያ ደብዳቤ ወደ ሰርቨሩ የሚገባባቸው 25፣ 465ና 587 የሚባሉት በሮች (ፖርቶች) በፋየርዎል ይዘጋሉ። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ በዚህ አይጠፋም፤ የኢሜይል ደረጃው ላኪ ሰርቨር ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይላል። ከዚያ «ኪውሜይል ሴንድ» ለሚባለው ሂደት የአላርም ሲግናል ይላክለታል፤ 400ውን 1600ውን ትቶ ያለውን በሙሉ በዚያው ቅጽበት ይሞክራል። የወረፋውን ብዛት የሚያሳየው «ኪውስታት» የሚባል ትእዛዝ ሁለት መስመር ያወጣል፤ አንዱ በወረፋ ያለው፣ ሁለተኛው ገና ያልተሰናዳው። ሁለቱም ይታዩ። የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ባዶ ነው» የሚል አለና።

አልሄድ ያሉት ጥቂቶች ሲቀሩ ኪውሜይል ቆሞ ማህደሩ በሙሉ ይታሸጋል። ወደ ኪውሜይል ስለማይመለስ አይኖዱ ቢለወጥ ግድ የለም፤ የምንፈልገው የሦስቱን ፋይሎች ስም ዝምድና ብቻ ነው። ፖስትፊክስ ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱ ሜስ፣ ደብዳቤን ከሰርቨሩ ውስጥ ወደ ወረፋ በሚያስገባው «ሴንድሜይል» ትእዛዝ፣ እንደገና ይገባል፤ ላኪው ከኢንፎ፣ ተቀባዩ ከሪሞት ይነበባል። ሪሞት ውስጥ እያንዳንዱ አድራሻ ከፊቱ አንድ ፊደል አለው። ቲ ከሆነ ገና ነው፣ ዲ ከሆነ ደርሷል። ዲውን ጨምሮ የላከ ሰው ያንኑ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ያደርሳል።

ከደሴ

እግዜር ይስጥልኝ፤ «10 ደቂቃ» አሁን በር ዘግቶ፣ ሲግናል ልኮ፣ ቲና ዲ እየለቀሙ የማደር ሥራ ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ።

በሩንም ቢሆን በግማሽ ነው የዘጉት፣ እመቤቴ። የድረ ገጽ ቅጾች በፋየርዎል በኩል አይሄዱም። ከሰርቨሩ ውስጥ «ሴንድሜይል»ን ይጠራሉ፣ ወረፋው እየተራገፈ ባለበት ይሞላሉ። ድረ ገጾቹም ለዚያ ሰዓት መቆም አለባቸው። ይህን አልጻፉም።

የኮንትሮል ፋይሎቹንም በዝምታ አልፈዋቸዋል፤ ስለዚህ ልዘርዝረው። ቢሮው ውስጥ የራሱ የኢሜይል ሰርቨር ያለው ፋብሪካ እዚያው ከተማዎ አይጠፋም። ደብዳቤው መጀመሪያ እኛ ጋ ይደርሳል፣ «ኤስኤምቲፒ ራውትስ» ውስጥ ያለችው አንዲት መስመር ወደ ቢሮው ታሻግረዋለች። ኪውሜይል ሲወገድ መስመሯም አብራ ትቀራለች። ፖስትፊክስ ዶሜይኑን ካላወቀው «554፣ ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» (ማሻገር አልተፈቀደም) ይላል፤ ዶሜይኑን ነግረነው መንገዱን ካልነገርነው ደግሞ የዶሜይኑ ደብዳቤ የት እንደሚሄድ የሚናገረው መዝገብ ወደ ራሱ ስለሚያመለክት «ሉፕስ ባክ» (ወደ ራሴ ይዞራል) ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱም ቁርጥ መልስ ናቸው። የጠቀሱት 4 ቀንና 5 ቀን «ቆይተህ ሞክር» ለተባለ እንጂ «አይሆንም» ለተባለ አይሠራም። ላኪው ያኔውኑ ተመላሽ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ፋብሪካው ግን ምንም አያውቅም።

ከኮምቦልቻ

«እርስዎ» ማለት ሲጀምሩ መናደድዎን አወቅሁ።

ለዚያ መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት «ሜን ሲኤፍ» በሚባለው የፖስትፊክስ ቅንብር ፋይል ውስጥ «ሶፍት ባውንስ» የሚባለው «የስ» ይደረጋል። ፖስትፊክስ በ5 የሚጀምረውን ቁርጥ መልስ ሁሉ በ4 ወደሚጀምር «ቆይተህ ሞክር» ይቀይረዋል። የደብዳቤው ውሎ የሚመዘገብበት «ሜይል ሎግ» እየተነበበ የጎደለው ይሞላል። «ኤስኤምቲፒ ራውትስ» ወደ ፖስትፊክስ የመንገድ ሠንጠረዥ ወደ «ትራንስፖርት ማፕስ»፣ «ባድ ሜይል ፍሮም» ወደ ላኪ ማጣሪያው ይገለበጣል። በሦስተኛው ቀን ሶፍት ባውንሱን ማጥፋት እንዳይረሳ ብቻ፤ ከተረሳ በተሳሳተ አድራሻ የላከ ደንበኛ ስህተቱን የሚያውቀው ፖስትፊክስ ተስፋ ሲቆርጥ፣ በ5 ቀኑ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፣ ጋሼ። ሲጀምሩ «ይቆይ» ነበር ያሉት። አሁን የሚከራከሩት እንዴት ይተካ በሚለው ላይ ነው።

ከደሴ

የምከራከረው 10 ደቂቃ በሚለው ላይ ነው። ሳይጽፉት ቢቀሩ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ያንን የራስዎን ትራንዚተር ላምጣው። ኪውሜይል ላይ «ዳታ ባይትስ» ካልተጻፈ የመጠን ገደብ የለም። ፖስትፊክስ ካልተነገረው በቀር ከ10,240,000 ባይት በላይ አይቀበልም። አባሪ ፋይል ለጉዞ ሲቀየር ደግሞ ከሢሶ በላይ ይወፍራል። 8 ሜጋው 11 ይሆናል፣ ሰርቨሩ ከገደቡ በልጧል ብሎት ቁጭ። አምስት ጊዜ ከሚላክና ጭራሹን ከማይላክ የትኛው ይሻለው ነበር? ዕቃው ደረቅ ወደቡ ላይ እየዋለ ኪራይ ይቆጥራል። ለእነዚህ 40 ደንበኞች ማን ነው አስቀድሞ የሚነግራቸው? በስልክ ነው? በኢሜይል እንዳይሉኝ ብቻ።

ከኮምቦልቻ

ገደቡ ፓነሉ የኢሜይል ቅንብር ገጽ ላይ ቁጥር ተጽፎ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ከጫኑ በኋላ «ፖስትኮንፍ» በሚባለው ቅንብር አሳይ ትእዛዝ የተጻፈው መያዙ ይታያል። 40 ስልክ እደውላለሁ። ሥራው ቅዳሜ ሌሊት ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ድረ ገጾቹም ቆመው። አዎ፣ 5 ሰዓት። ደስ ይበልዎት።

ከደሴ

ቀን አይቆረጥ። የ«ኤስኤምቲፒ ራውትስ» ፋይሉ 3 መስመር ይሁን 30 እስካሁን አንዳችንም አልጻፍንም። መጀመሪያ ይከፈትና መስመሮቹ ይቆጠሩ።