ግሉተን ከማቆማችሁ በፊት ተመርመሩ

ሆዴን ነፋኝ፣ ድካም አልለቅ አለኝ ያለ ሰው አሁን አሁን አንድ ምክር አያጣም፤ «እስቲ ግሉተን (በስንዴና መሰል እህሎች ውስጥ ያለውን ፕሮቲን) አቁመህ እየው»። ጉዳት ያለው አይመስልም። እኔን ግን ያናድደኛል፣ ምክሩ ሴሊያክ ለተባለው በሽታ ከሚደረገው ምርመራ ይቀድማልና።

ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ሙሉ በሙሉ አይፈጭም፤ ሳይሰባበር የቀረውን ቁራጭ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም በትንሹ ይለውጠዋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባለ የዘር ምልክት ባለው ሰው ላይ የተለወጠው ቁራጭ ቲ ሴሎች ለሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ይቀርባል፣ እነሱም ጠላት መጣ ብለው ይነሳሉ። ሰውነት ኢንዛይሙን ራሱን የሚያጠቃ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) እስከማምረት ይደርሳል።

ጤነኛ አንጀት ውስጥ «ምግብ ነው፣ ተዉት» የሚሉ አረጋጊ ሴሎች አሉ። ሴሊያክ ያለበት ሰውም አሉት። ግን የተቆጣው አንጀት ኢንተርሉኪን 15 የሚባል መልእክተኛ በብዛት ስለሚለቅ የሚሰማቸው የለም። ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶች ጠፍጠፍ ይላሉ፤ ብረትና ካልሲየም በቅጡ ሳይገቡ ያልፋሉ። ሆዱን አንድም ቀን አሞት የማያውቅ ሰው በደም ማነስ ወይም በአጥንት መሳሳት ሐኪም ቤት የሚደርሰው ለዚህ ነው።

የደም ምርመራው የሚፈልገው እነዚያን አንቲቦዲዎች ነው። ግሉተን ካቆማችሁ ወራት ካለፉ አንቲቦዲው ይወርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፣ ውጤቱ «ነጻ» ሊል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ለሳምንታት እንደገና ግሉተን ብሉ ሊላችሁ ነው፤ ተሽሎት የከረመ ሰው ይህን እሺ ይላል? የዘር ምርመራም አይተካውም። ምልክቱ ከሌለ ሴሊያክ አይደለም ለማለት ይረዳል፣ መኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ምልክቱን ይዞ ይዞራል፣ የሚታመመው ግን ከመቶ አንድ ያህል ነው።

«ካቆምኩ ተሽሎኛል፣ ስሙ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አሉ። ብዙ ያደርጋል። የኔዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲከ እ.ኤ.አ. በ1950 ስንዴን ማስወገድ ሕፃናቱን እንደሚያሽላቸው ከጻፈ ወዲህ ሕክምናው ያው አመጋገብ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልክ። ቲ ሴሎቹ ቂማቸውን ይዘው ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ3 ወር መውሰድ እንኳ አንጀትን እንደሚጎዳ ታይቷል፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ ደግሞ ወደ 2 ግራም አለ። ዳቦ የተጠበሰበት መጥበሻ፣ ስንዴ የገባበት የአኩሪ አተር ስጎ፣ ዱቄት የነካው ማንኪያ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ይህን ሁሉ በግምት የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ «ዛሬ ብቻ» ማለቱ አይቀርም።

ደግሞ ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በሽታው በተረጋገጠበት ሰው ወላጆች፣ ልጆች፣ እህትና ወንድሞች ላይ የመገኘቱ ዕድል ከ10 አንድ ገደማ ስለሆነ፣ ሆዳቸውን ባያማቸውም እንዲመረመሩ ይመከራል። እናንተ በግምት ካቆማችሁ ግን ለእነሱ ማን ይነግራቸዋል?