ዝምተኛው ሰውዬ ስንቴ «እለቃለሁ» አለ?

የኔዘርላንዱ የኦርኬስትራና የኦፔራ መሪ በርናርድ ሃይቲንክ በኦክቶበር 2021 ለንደን ውስጥ በ92 ዓመቱ ሲሞት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጋዜጦቹ ሁሉ አንድ ቃል ላይ ተረባረቡ፦ «ትሑት»። ዝምተኛ፣ ዓይን አፋር፣ ታይታ የማይወድ። ውሸት አይደለም። እኔን ግን ይህ ቃል አይጥመኝም። ትሑት ሲባል አንገቱን ደፍቶ ያሉትን ሁሉ እሺ የሚል ሰው ነው የሚታየኝ። ሃይቲንክ ደግሞ እሺ ባይ አልነበረም። መልቀቂያ ለማስገባት እንደ እሱ እጁ የሚፈጥን የሙዚቃ ሰው ብዙ አላውቅም።

በእርግጥ አጀማመሩን ላየው ትሑት መባሉ አያስገርምም። የተወለደው በ1929 አምስተርዳም ነው። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ 11 ዓመቱ ነበር። በጦርነቱ መሃል አባቱ ታስረው ካምፕ ገቡ፤ እሳቸው ደግነቱ ተመልሰዋል። ብዙ አይሁድ ሙዚቀኞች ግን በዚያው ቀሩ። ሃይቲንክ ካረጀም በኋላ ይህን ነገር ያነሳ ነበር። እነዚያ ሰዎች ባይገደሉ ኖሮ ከኔ የሚሻል ሞልቶ ነበር፣ እኔም መሪ አልሆንም ነበር ይላል። ይህን ለይሉኝታ ያለው አይመስለኝም።

ቫዮሊን ተምሮ የሬዲዮ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት ነበር። በ1956 ጣሊያናዊው መሪ ካርሎ ማሪያ ጁሊኒ ሲቀር፣ በእሱ ቦታ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቁን የአምስተርዳም ኦርኬስትራ፣ ኮንሰርትኸባውን መራ። ከሦስት ዓመት በኋላ የኦርኬስትራው ዋና መሪ ኤድዋርድ ቫን ባይኑም ልምምድ ላይ እያለ ልቡ ቆሞ ሞተ። በ1961 ቦታው ለሃይቲንክ ተሰጠ። ገና 32 ዓመቱ ነው። ልጅ ነው ብለው ይሁን፣ ጎልማሳውን ጀርመናዊ ኦይገን ዮኹምን ጎን ለጎን ሾሙለት።

ኮንሰርትኸባው አዳራሽን ያየ ሰው ያንን ደረጃ አይረሳውም። እዚያ መሪው ከጎን በር ሹልክ ብሎ አይወጣም። ከመድረኩ በስተጀርባ፣ ከላይ፣ በር ይከፈታል። ከዚያ በቀይ ምንጣፍ የተሸፈነውን ረጅም ደረጃ እየቆጠረ በሙዚቀኞቹ መሃል ይወርዳል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዓይኑን ተክሎበታል። ቢያደናቅፈውስ? ለታይታ ሰው ይህ ሰርግ ነው። ለዓይን አፋር ቅጣት ነው። ሃይቲንክ ይህን ደረጃ 27 ዓመት ወረደው።

ሁሌም በጭብጨባ አይደለም። በኖቬምበር 1969 ወጣት የሙዚቃ ደራሲዎች፣ ሉዊ አንድሪሰንም አለበት፣ ኮንሰርቱን በጫጫታ አቋረጡት። የአሁን ዘመን ሙዚቃ አትጫወቱም፣ ሁሌ የሞቱ ሰዎች ሥራ ብቻ ነው ወይ ነው ጥያቄያቸው። እውነቱን ለመናገር ነጥብ ነበራቸው።

ወደ መልቀቂያዎቹ ልምጣ። በ1982 የኔዘርላንድ መንግሥት ለኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ የሚሰጠውን ድጎማ ሊቀንስ ተነሳ። 23 ሙዚቀኞች ከሥራ ሊወጡ ነው። ሃይቲንክ ይህ ከሆነ እኔም የለሁበትም አለ። ነገሩ በስምምነት አለቀ።

ሁለተኛው ለንደን ነው፣ ኦፔራ ውስጥ። ኦፔራ ለዚህ ሰው የተሠራ ሥራ ይመስለኛል። መሪው ከመድረኩ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቆም ተመልካቹ ጭንቅላቱን ቢያይ ነው። እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ባለው የግላይንድቦርን ኦፔራ ፌስቲቫል አሥር ዓመት የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር። እዚያ ታዳሚው ሙሉ ልብሱን ለብሶ በእረፍት ሰዓት ሣር ላይ ምሳ ዕቃውን ይፈታል። ከ1987 እስከ 2002 ደግሞ የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስ። ያ ቤት ለእድሳት ተዘግቶ ሳለ በ1998 ገንዘብ አጠረው። አስተዳደሩ የኦርኬስትራውና የዘማሪዎቹ ሥራ ላይ ቢላዋ ሊያነሳ ሲል ሃይቲንክ መልቀቂያውን አስገባ። ሙዚቀኞቹ ከአስተዳደሩ ጋር ሲስማሙ መልሶ ወሰደው። አስቡት፣ በ69 ዓመቱ ነው። ጡረታውን ይዞ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ሦስተኛው ጀርመን ውስጥ ነው፣ የድሬስደን ኦፔራ ቤት ኦርኬስትራ መሪ ሳለ። በ2004 በተተኪው ምርጫ ከኦፔራ ቤቱ ኃላፊ ጋር ሳይስማማ ቀረና ጥሎ ወጣ።

አራተኛው ላይ ከእሱ ጋር አልቆምም። የኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር ረስተውኛል ብሎ አኮረፈ። በ2014 የክብር መሪነቱን አልፈልግም፣ ከእንግዲህም እዚያ አልመራም አለ። የ85 ዓመት ሽማግሌ ኩርፊያ! በዓመቱ ታረቁ። ግን ትሑት ለሚሉት ሁሉ ይቺን ባስታውሳቸው ደስ ይለኛል። ሰውዬው ክብሩን ያውቅ ነበር።

ታዲያ ዝምታውስ? ዝምታው ልምምድ ላይ ነው። የስዊዘርላንዷ ከተማ ሉሰርን ላይ ወጣት መሪዎችን ሲያስተምር ምክሩ ሙዚቀኞቹን አትረብሿቸው፣ እነሱ ብዙ ሥራ አለባቸው የሚል ነበር። አንዱ ወጣት ክንዱን እንደ ንስር ዘርግቶ ሲወራጭ ትንሽ ቀንስ ይለዋል። የራሱን ቪዲዮ ብታዩ ቀኝ እጁ ምቱን ይይዛል፣ ግራው አብዛኛውን ጊዜ ያርፋል። ድንገት ግራዋ ትንሽ ከፍ ስትል ሰማንያ ሰው አብሮ ከፍ ይላል። ይደብራል የሚሉት ነበሩ። እኔም አንዳንድ ቅጂው ላይ አዛግቻለሁ። የኦስትሪያዊው ደራሲ የብሩክነር 7ኛ ሲምፎኒ ላይ ግን አንድም ቀን አላዛጋኝም።

የተሰናበተውም በእሷው ነው። በጁን 2019 አምስተርዳም ላይ፣ ዱሮ ቫዮሊን ይጫወትበት ከነበረው የሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር። በሴፕቴምበር 6 ደግሞ ሉሰርን ላይ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ በምርኩዝ እየተደገፈ። 90 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት እረፍት እወስዳለሁ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ብሎ አስወርቶ ነበር። ኋላ ላይ ለጋዜጣ እንዳመነው የስንብት ሥነ ሥርዓት ስለማይወድ ነው እንጂ መመለሱን እንዳላሰበው ያውቀዋል። አራቴ እለቃለሁ ያለ ሰው፣ የምር ሲለቅ ፈቃድ ላይ ነኝ ብሎ ወጣ።