እሸትም ጀንፈልም የሆነ ቡና

ጅማ ላይ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ከቡና አያመልጥም። ተመራቂ ተማሪም ይሁን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቢሮ የተከራየ፣ ይዋል ይደር እንጂ የቡና መረከቢያ ሲስተም መሥራቱ አይቀርም። ጥቂቶቹን ከፍቼ አይቻለሁ። በሽታቸው አንድ ነው።

ቅጹ ላይ «እሸት ነው?» የሚል ሳጥን አለ፣ ትኩስ የተለቀመው ፍሬ ማለት ነው። «ጀንፈል ነው?» የሚል ሌላ፣ ከነሽፋኑ የደረቀው። «ተከፍሏል?»፣ «ተሰርዟል?» ይቀጥላሉ። አራት አዎ ወይም አይደለም ማለት 16 ጥምረት ነው። ትርጉም ያላቸው ግን 6 ብቻ ናቸው፦ ሁለት ዓይነት ቡና፣ እያንዳንዱ ያልተከፈለ፣ የተከፈለ ወይም የተሰረዘ። የቀሩት 10 እሸትም ጀንፈልም የሆነ ቡና፣ ተሰርዞም የተከፈለ ሂሳብ፣ እንዲህ ዓይነት ጉድ ናቸው። ፕሮግራመሩ በየፋይሉ «ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ) እየደረደረ ይከላከላል። አንዱን የረሳ ዕለት ሂሳብ ሠራተኛዋ ማታ ትደውልለታለች።

ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚባለው የኮድ አጻጻፍ ስልት ለዚህ ዲስክሪሚኔትድ ዩኒየን የሚባል ነገር አለው። አንድ እሴት ከተዘረዘሩት ዓይነቶች አንዱን ብቻ ይሆናል፣ እያንዳንዱም የራሱን መረጃ ብቻ ይይዛል፦

ርክክብ =
| እሸት (ኪሎ፣ የተለቀመበት ሰዓት)
| ጀንፈል (ኪሎ፣ እርጥበት)

እሸት ቶሎ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሰዓቱ ያስፈልጋል። ጀንፈል ደርቆ የመጣ ነው፣ የሚጠየቀው እርጥበቱ ነው። ባዶ የሚቀር ሳጥን የለም። ሁለቱንም የሆነ ቡና ልጻፍ ብትል ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን የሚተረጉመውና የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ አይሰማህም።

«ይሄ የሒሳብ ሰዎች ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ኤዲንብራ ውስጥ በተሠራው ሆፕ በተባለ ቋንቋ ታይቷል፤ ኦካምል፣ ሃስኬልና ኤፍ ሻርፕ የተባሉት ቋንቋዎችም ይዘውታል። እሺ፣ በእነሱ እዚህ የሚቀጥር የለም እንበል። ታይፕስክሪፕት የተባለው ቋንቋ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለው። ሌላው ቋንቋ ዳርት እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ሦስተኛ እትሙ አምጥቶታል። በዳርት በሚጻፈው ፍላተር የሞባይል አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ እጃችሁ ላይ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ነገር ሲጨመር ነው። አሠሪው መጥቶ «ቅሽርም እንረከባለን» ይላል፣ ተፈልፍሎ የመጣውን ማለቱ ነው። ዩኒየኑ ላይ ሦስተኛ መስመር ትጨምራለህ። ኮምፓይለሩ ወዲያው የዋጋ ስሌቱን፣ ደረሰኙን፣ ሪፖርቱን አንድ በአንድ እየጠቆመ «እዚህ ቅሽርን አላሰብክበትም» ይልሃል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው በገዛ እጁ ያበላሸዋል። እሸትን ይጽፍና ለቀሪው «ሌላ ከሆነ» ብሎ ይገላገላል። ለጊዜው ይሠራል። ቅሽር ሲመጣ ግን ዝም ብሎ በጀንፈል ዋጋ ይሰላል፣ ኮምፓይለሩም ትንፍሽ አይልም፤ አፉን ዘግተኸዋላ! ኤፍ ሻርፕም ቢሆን ያልታሰበበት ዓይነት ሲያይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሥራ ወደሚያስቆም ስህተት ቀይሩት። ታይፕስክሪፕት ላይ ደግሞ መጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ «ኔቨር» የሚለውን ታይፕ (እዚህ የሚደርስ እሴት የለም የሚል የዳታ ዓይነት) ካላስገባችሁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሁሉን ይፈታል አልልም። ከውጭ የሚመጣ ዳታ፣ ለምሳሌ ከሚዛን ጣቢያ የተላከ ፋይል፣ ታይፕ አያውቅም። ሲገባ መፈተሽ አለበት። ዳታቤዙም ዩኒየን በቀጥታ አይገባውም። ዓይነቱን የሚናገር አንድ ኮለም፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ሰንጠረዥ ይሻላል እላለሁ፤ ሥራው ትንሽ ይጨምራል።

አንድ ቦታ ብቻ እንጀምር ካላችሁ ክፍያው ላይ ይሁን። የደረሰኝ ቁጥርና ቀን ሳይኖረው «የተከፈለ» የሚባል ነገር መፍጠር እንዳይቻል አድርጉ። ሌላው ለጊዜው እንዳለ ይቆይ።