የነርሷ ወገብ ክሬን አይደለም

ወገኖቼ፣ የዛሬው ተግሳጽ ከራሴ ይጀምራል።

እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን አንድ ሌሊት አስታማሚ ሆኜ አደርኩ። እናቴ ወደ ግርጌ ተንሸራታ ነበር። ነርሷ ብቻዋን መጣች። ወደ ትራሱ ልትስባት ጎንበስ ስትል እናቴ ደነገጠችና በሁለት እጇ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ነርሷ እንደተጎነበሰች፣ ወገቧ እንደተጠማዘዘ፣ ሙሉ ሰው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ሳበች። ቀና ስትል አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ "እማማ፣ ተመቸዎት?" አለች።

እኔ ስልኬን ይዤ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። "ላግዝሽ?" አላልኩም። ሥራዋ ነው ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እስቲ ሸክሙን በኪሎ እንየው። ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለአንድ ሠራተኛ የሚመክረው የማንሳት ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። እሱም ዕቃው ለመያዝ ሲመች፣ ለሰውነት ሲጠጋና ወገብ ሳይጠማዘዝ ነው። በሽተኛን በእጅ ለማንሳት ደግሞ በፈረንጆቹ 2007 የወጣው ምክር ወደ 16 ኪሎ ያወርደዋል። ሰው እጀታ የለውማ! ያመዋል፣ ይፈራል፣ ድንገት ይከዳል። የ70 ኪሎ ሰው አንድ እግሩ ብቻ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱን እግሮች ባንዴ ያነሳች ነርስ የ16 ኪሎውን ጣሪያ አልፋለች። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ ደግሞ የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። በአንድ ተረኛ እጅ ስንት በሽተኛ እንዳለ እናንተው ቁጠሩ።

ማንሳቱም ብቻ አይደለም። ዝቅ ያለ አልጋ ላይ አጎንብሶ ደም ሥር መፈለግ፣ ቁስል ማጠብ፣ ሌሊቱን ሙሉ መቆም አለ። ወገቡ ቀድሞ ይጮሃል፤ አንገት፣ ትከሻና ጉልበት ይከተላሉ።

እናንተ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ "ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱ" የሚል ሥልጠና ሰጥታችሁ እጃችሁን አትታጠቡ። ሥልጠና ብቻውን ጉዳቱን እንደማይቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ፣ ማንሻ መሣሪያና በቂ ሰው ያስፈልጋል። ማንሻው ከአቅም በላይ ነው እንበል። የሚያንሸራትት ጨርቅስ? የተበላሸውን የአልጋ ማንሻ እጀታ ማስጠገንስ?

እናንት ነርሶች፣ እናንተንም እቆጣለሁ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ተረኛ መግባት ጀግንነት አይደለም። ሕመሙን በጊዜ ተናገሩ፤ ጉዳቱም ይመዝገብ። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ ከደነዘዘ ቶሎ ታዩ። ሽንት ከከለከለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከከዳ ግን ለነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ነርቭ እየታፈነ ሊሆን ይችላል።

ወደኛ ወደ አስታማሚዎች ልመለስ። ስለ ሃምሳ ሎሚ እየተነገረን አድገን አንድን በሽተኛ ለአንዲት ሴት ጥለን እንቆማለን። ዘመዳችሁ ነርሷ አንገት ላይ እንዳይንጠለጠል አስቀድማችሁ ንገሩት። ከቻለ ጉልበቱን አጥፎ በተረከዙ ይግፋ፤ ካልቻለ እጁን ደረቱ ላይ ያጣምር። የአልጋው ፍሬን መያዙን አረጋግጡ። በራሳችሁ ግን አታንሱ፤ የተሰበረ አጥንት ወይም ትኩስ ስፌት ሊኖር ይችላል።

ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱትና ገና ሳትጎነበስ ጠይቋት፦ "ሲስተር፣ የቱ ጋ ልያዝ?"